ቁራሌው ሊወስደው የነበረው ኮመዲኖ፦ የዴንማርክ ነው ወይስ የሀገር ልጅ?

ባለፈው ቅዳሜ መካኒሳ አክስቴ ቤት ስደርስ ቁራሌው በር ላይ ቆሟል። አክስቴ ባለ አራት መሳቢያ የድሮ ኮመዲኖዋን በ500 ብር ልትሰጠው ተስማምታለች። በምትኩ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ልትገዛ ነው።

"ቆይ እስቲ" አልኩና በስልኬ ፎቶ አንስቼ ፈለግኩ። ቁርጥ እሱን የመሰሉ "ዴኒሽ ሞደርን" የሚባሉ ዕቃዎች ወጡ። ውጭ ሀገር በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ዶላር ይሸጣሉ። አክስቴ ወዲያው ቁራሌውን "ነገ ና" አለችው 😀

ለመሆኑ ዴኒሽ ሞደርን ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ዴንማርክ ውስጥ የገነነ የቤት ዕቃ አሠራር ነው። ጌጥ አይበዛበትም። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ እግሩ ወደ ታች ሾጠጥ ያለ፣ የእንጨቱ መልክም በቀለም ያልተሸፈነ ነው። ኬኔዲና ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1960 በቴሌቪዥን ሲከራከሩ የተቀመጡበትን ወንበር የሠራው ሃንስ ቬግነር ዴንማርካዊ ነው።

መሳቢያ ላይ ደግሞ ዴንማርኮች ቀልድ አያውቁም። ቦርገ ሞገንሰን እና ግሬተ ማየር የሚባሉ ዲዛይነሮች በ1950ዎቹ የሸሚዝና የማንኪያ መጠን እየለኩ፣ አንድ ሰው ስንት እንዳለው እየቆጠሩ ነበር የመሳቢያውን ስፋትና ጥልቀት የወሰኑት። መጀመሪያ ዕቃው፣ ከዚያ ሳጥኑ ማለት ነው።

እንዴት ይለያል?

✅ መሳቢያውን አውጥታችሁ ጥጉን እዩ። ሁለቱ ጣውላዎች እንደ እጅ ጣት ተቆላልፈው ከተገጠሙ ጥሩ ምልክት ነው። ምስማር ብቻ ከሆነ ተጠራጠሩ።
✅ ጀርባውንና የመሳቢያውን ውስጥ ፈልጉ። ብዙዎቹ የዴንማርክ ዕቃዎች የአምራች ማህተም አላቸው።
✅ እንጨቱን እዩ። በብዛት የተሠሩት ከእስያ በመጣ ቲክ ነው። ቲክ የራሱ ቅባት ስላለው እርጥበትን ይቋቋማል።
⚠️ ብዙዎቹ ላይ ቲኩ ከላይ የተለበጠ ስስ ልባስ ነው። በማሽን ከተፋቀ ያልቃል፤ ስለዚህ በእጅ፣ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ።

የአክስቴስ?

ማህተም የለውም። የሰፈራችን አንድ አንጋፋ አናጢ መጥተው ከስር ቧጨር አደረጉት፣ አሸተቱት፣ ሳቁ። "ይሄ ዋንዛ ነው። የኛው ሰው ነው የሠራው" አሉ። የውጭውን ዲዛይን አይቶ ይሁን በራሱ መንገድ፣ ጥጎቹን ግን አንድም ምስማር ሳይመታ ቆልፏቸዋል።

አክስቴ ቅር አላት። ዶላሩ ቀረ! እኔ ግን ነገሩ እዚህ ጋ የሚጀምር ይመስለኛል። ዋንዛ እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የከለከለው እያለቁ ስለነበር ነው። ስለዚህ ሙሉ የዋንዛ ኮመዲኖ ከሸጣችሁ፣ በዚያው ብር ሌላ የዋንዛ ኮመዲኖ አትገዙም። የምትገዙት ቺፑድ ነው።

ቺፑድ ማለት በኮላ ተጨምቆ የተጋገረ የእንጨት ፍርፋሪ ነው። ርካሽ ነው፣ ያምራልም። ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ቪቴው አንዴ ከላላ ደግሞ መልሶ አይይዝም። እኔ የገዛሁት አንድ ክረምት አልፎበት ከስሩ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ሙሉ እንጨት ሲላላ ይጣበቃል፣ ሲቧጨር ይፋቃል።

በነገራችን ላይ በ1953 ዓ.ም የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ጥቅምት 2017 ሲከፈት፣ የዚያን ዘመን የቤት ዕቃዎቹም አብረው ታድሰዋል። ትልቁ ቤት የድሮውን ካልጣለ እኛ ለምን እንጥላለን?

አናጢው ሁለት መሳቢያ በኮላ አጥብቀው፣ ፍቀው፣ ቫርኒሽ ቀብተው በአንድ ቀን ጨረሱ። እሁድ ቁራሌው በቀጠሮው መጣ። አክስቴ ባዶ ጠርሙስ ሰጥታ ሸኘችው።

እናንተስ ቤት ጥግ ላይ ምን ተቀምጧል? ከመሸጣችሁ በፊት መሳቢያውን አውጥታችሁ ጥጉን እዩት።