ታምቦ፤ የመሸበት መንገደኛ በኦያንታይታምቦ

[ድምፅ፦ በድንጋይ ቦይ ውስጥ የሚፈስ ውሃ፤ ከሩቅ የውሻ ጩኸት]

ተራኪ፦ ይህን ውሃ ልብ ብላችሁ ስሙልኝ። የሚፈሰው ፔሩ ውስጥ፣ በአንዲስ ተራሮች መካከል ባለ ሸለቆ፣ ኦያንታይታምቦ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተኛሁበት ክፍል በር አምስት እርምጃ አይርቅም። ከተማዋን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቀየሱት ኢንካዎች ከፓታካንቻ ወንዝ ጠልፈው በየመንገዱ ዳር አወረዱት፤ ዛሬም ቀንና ሌሊት ይወርዳል። ሁለት ሌሊት እሱን እየሰማሁ አደርኩ። ዝግጅታችንም ስለ እነዚያ ሁለት ሌሊቶችና ስላሳደረችኝ ቤት ነው።

[ድምፅ፦ የሚኒባስ ሞተር፤ «ኦያንታይታምቦ! ኦያንታይታምቦ! ኦያንታይታምቦ!» እያለ የሚጣራ ሰው]

ተራኪ፦ ከኩስኮ ከተማ የመጣሁት በሚኒባስ ነው። ሀገሬው «ኮሌክቲቮ» ይለዋል። ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፤ አንዱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ የመድረሻውን ስም በአንድ ትንፋሽ ይደጋግማል። ዐይኔን ብጨፍን መገናኛ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። ኩስኮ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኦያንታይታምቦ 2,800 ሜትር ገደማ። ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን አደባባዩ ላይ ወረድን፤ እኔም ቦርሳዬን አዝዬ ወደ አሮጌው ሰፈር ገባሁ። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ ያህል ብቻ ነው።

የቤቱ በር ላይ «ኦስፔዳሄ» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። በእኛ አፍ አልቤርጎ ማለት ነው። አልቤርጎን ከጣልያንኛ ነው የወሰድነው፤ ስፓኒሽም «አልቤርጌ» የሚል የአንድ ሥር ቃል አለው፤ እኔም ያንን ቃል ብዬ ነው ክፍል የጠየቅሁት። የቤቱ እመቤት ወዲያው ገባቸው። ቁርስን ጨምሮ ለአንድ ሌሊት 50 ሶል ተስማማን።

ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ አምፖልና ልብስ የሚሰቀልባቸው ሦስት ምስማሮች አሉ። አልጋው ላይ ሦስት የሱፍ ብርድ ልብሶች ተነባብረዋል፤ ክብደታቸው ደረት ይጫናል፤ ግን የሸለቆው ሌሊት ሲመጣ አንዱንም አላወረድኩም። ግድግዳው እስከ ወገቤ ድረስ የኢንካ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በላይ ጭቃና ጭድ ተለውሶ፣ በፀሐይ ደርቆ የተሠራ ጡብ። ድንጋዩ ላይ እጄን አኑሬ ቆየሁ። ሙዚየም ውስጥ ቢሆን «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት ነበር፤ እዚህ ግን የቤቱ ሰዎች ምስማር የሚመቱት ከላይኛው ጭቃ ላይ ነው፤ ታችኛውን ማንም ሳያዛቸው ይጠብቁታል።

የክፍሉ ሽታ ደግሞ የማውቀው ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ወራጆች የባሕር ዛፍ ናቸው፤ ኩሽናው የሚያነደውም እሱኑ። ባሕር ዛፍ ወደ አንዲስ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ወደ እኛም በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን። ሁለት የማይተዋወቁ ደጋዎች ከአውስትራሊያ አንድ ዛፍ ወሰዱ፤ ማገዶአቸውንና ቤታቸውንም በእሱ ላይ ጣሉ። ከእንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ያ ጭስ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

[ድምፅ፦ የሻወር ውሃ፤ የሰው ሳቅ]

ተራኪ፦ መታጠቢያው ከግቢው ጥግ ነው። ከሻወሩ ራስ ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ወጥተው ወደ ግድግዳው ይሄዳሉ፤ ውሃው የሚሞቀው እዚያው ራሱ ውስጥ ነው። እንደ ልማዴ ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት፤ የወረደብኝ ከበረዶ አፍ የተቀዳ ነበር። ጮኬ ኖሮ የቤቱ እመቤት ከውጭ ሰምተው ሳቁ። «ፖኪቶ፣ ፓፓይ! ፖኪቶ!» አሉኝ። «ጥቂት፣ አባዬ! ጥቂት!»

ምስጢሩ ይኸው ነው። የማሞቂያው ጉልበት የተወሰነ ስለሆነ ብዙ ውሃ ሲያልፍበት ሳያሞቀው ይለቀዋል። ቧንቧውን በጣት ጫፍ መለስ፣ መለስ ሲያደርጉት ውሃው ይቀጥናል፤ እየቀጠነ ሲሄድ ይሞቃል። ከመጠን በላይ ከቀጠነ ደግሞ ማሞቂያው ጠቅ ብሎ ይጠፋል። በመካከል፣ የፀጉር ስፋት ያህል፣ ትክክለኛው ቦታ አለ። በሁለተኛው ቀን አገኘሁት።

«ፓፓይ» ያሉኝን ነገር ልብ በሉልኝ። ኬቹዋ ነው፤ የኢንካዎቹ ቋንቋ፣ ዛሬም በአንዲስ አገሮች ሚሊዮኖች የሚናገሩት። መጨረሻ ላይ ያለችው «ይ» «የእኔ» ማለት ናት። እናትን «ማማይ» ይላሉ፤ እናቴ። እኛ «እማዬ» እንደምንለው። ቋንቋዎቹ ዝምድና የላቸውም፤ የሰው ፍቅር ግን በሁለቱም ቦታ የስም ጅራት ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ በኋላ እመቤቲቱን «ማማይ» አልኳቸው፤ ሌላ ስም አላስፈለገንም።

[ድምፅ፦ እሳት ሲንጣጣ፤ የትንንሽ እንስሳት ጩኸት]

ተራኪ፦ ማታ ወደ ኩሽና ጠሩኝ። የምትሰሟት ጩኸት የኩይ ናት፤ በምድጃው ሥር የምትኖር፣ ጆሮዋ አጭር፣ ጥንቸል መሰል እንስሳ። ለበዓል ትታረዳለች። የዚያን ቀን ማታ ግን የቀረበልን ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንችና ባቄላ፣ አይብ፣ በድንጋይና በመጅ የተፈጨ አረንጓዴ ቃሪያ ነበር። ዳጣን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ባቄላው ከስፔኖች ጋር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ድንቹ ግን የዚህ አፈር ልጅ ነው። አንዲስ በሺህ የሚቆጠሩ የድንች ዓይነቶች አሉት፤ ሳህኔ ላይ ብቻ ሦስት መልክ ነበር፦ ቢጫ፣ ቀይና ውስጡ ወይን ጠጅ።

ከራት በኋላ ሙኛ የሚባል የተራራ ቅጠል አፍልተው ሰጡኝ። ለሆድም፣ ለከፍታም መድኃኒት ነው ይላሉ። ጣዕሙ ከእኛ ጦስኝ ብዙ አይርቅም። ከደጋ እንደመጣሁ፣ ከፍታው እንዳልከበደኝ ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም። በልባቸው «ፈረንጅ ሁሉ ያስመልሰዋል» ሳይሉ አልቀሩም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የአንዲስ ሰዎች ደም ከፍታውን የቻለው ኦክስጅን ተሸካሚውን ሂሞግሎቢን አብዝቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ግን፣ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ የሰሜን ኢትዮጵያ ደገኞች የሂሞግሎቢን መጠን ከባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ሁለት የተራራ ሕዝብ፣ ለአንድ ቀጭን አየር ሁለት መልስ። ማማይ ይህን ስነግራቸው እጄን ይዘው ጥፍሬን አገላብጠው አዩ።

የቤታቸውን ታሪክ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከሁለቱ የእንግዳ ክፍሎች ሌላ የበቆሎ ማሳ አላቸው። የዚህ ሸለቆ ነጭ በቆሎ ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ማሳው ሲታረስና ሲሰበሰብ ጎረቤት ይመጣል፤ እነሱም በተራቸው ለጎረቤት ይሄዳሉ። ስሙ «አይኒ» ነው። ወንፈል ብዬ ተረጎምኩላችሁ፤ ከዚያ የተሻለ ቃል የለም። የእንግዳ ክፍሎቹ ሲሠሩም ጡቡን ያቆሙት በአይኒ ነው። ሲያልቅ ጣሪያው አናት ላይ ሁለት የሸክላ በሬዎችና መካከላቸው መስቀል ተተከለ፤ የብዙው ቤት ጣሪያ እንዲሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2020፣ በወረርሽኙ ምክንያት፣ እንግዳ የሚጎርፍለት የኢንካዎች ጥንታዊ ሥፍራ፣ ማቹ ፒቹ፣ ተዘጋ፤ እስከ ኖቬምበር መባቻም አልተከፈተም። ወደዚያ የሚወስደው ባቡርም ቆመ። ማማይ ብርድ ልብሶቹን አጣጥፈው ቆልፈው ወደ በቆሎአቸው ተመለሱ። በ2023 መጀመሪያ፣ በአገሪቱ የፖለቲካ ነውጥ፣ ማቹ ፒቹ እንደገና ለሳምንታት ተዘጋ። ማሳ የሌላቸው፣ ተበድረው ክፍል የሠሩ ጎረቤቶች ግን የሚመለሱበት አልነበራቸውም። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ማገዶውንም ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉት።

[ድምፅ፦ ውሃው ይመለሳል፤ ከፍ ብሎ ይቆያል]

ተራኪ፦ ታምቦ። የከተማዋ ስም ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በኬቹዋ «ታምፑ»። የመንገደኛ ማደሪያ ማለት ነው። ኢንካዎች ከዛሬዋ ኮሎምቢያ ደቡብ እስከ ቺሊና አርጀንቲና የሚደርስ፣ ወደ 30,000 ኪሎ ሜትር የሚገመት የመንገድ መረብ ነበራቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በስድስት አገሮች ስም በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በእግር የአንድ ቀን ያህል መንገድ እየተለካ ታምፑ ይሠራ ነበር፤ እህልና ልብስ ይከማችበታል፤ መልእክተኛው፣ ወታደሩ፣ ሹሙ ያድርበታል። ተራው ሰው እንዳሻው የሚገባበት አልነበረም። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የሚመታው የእኛ አገር መንገደኛ እዚያ በር ላይ ይመለስ ነበር። ዛሬ ታምፑው ፈርሶ፣ ስሙ ለከተማዋ ቀርቶ፣ ማንንም የሚያሳድሩት እንደ ማማይ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ይህ ውሃም የጦር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1536 የኢንካዎች ንጉሥ ማንኮ ኢንካ በስፔኖች ላይ ተነሥቶ ኩስኮን ከበበ፤ ኋላም ሠራዊቱን ይዞ እዚህ መሸገ። የስፔኖቹ አዛዥ ኤርናንዶ ፒዛሮ ፈረሰኞቹን አሰልፎ ሊይዘው መጣ። ከተራራው እርከኖች ላይ ድንጋይና ፍላጻ ወረደበት፤ ማንኮ ደግሞ ውሃውን ጠልፎ በሜዳው ላይ ለቀቀው። ፈረስ ጭቃ ውስጥ ምን ያደርጋል? ፒዛሮ በጨለማ አፈገፈገ። ስፔኖች በእነዚያ ዓመታት ጥቂት ጊዜ ነው እንዲህ የተመለሱት።

[ድምፅ፦ ጠዋት፤ ወፎች፤ የሚወቀር ድንጋይ]

ተራኪ፦ ለቁርስ ዳቦ፣ እንቁላልና ሁለት ዕቃ ቀረበልኝ። በአንደኛዋ ትንሽ ማንቆርቆሪያ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የቀዘቀዘ የቡና ጭማቂ አለ፤ በሌላው ፍል ውሃ። ቡናውን አስቀድመው አጥልለው ያስቀምጡትና እያንዳንዱ ሰው በጽዋው እንደ ፍላጎቱ ያቀጥነዋል። ከየት እንደሆነ ጠየቅሁ። ከ4,300 ሜትር በላይ ከሆነው የማላጋ መተላለፊያ ማዶ፣ ከላ ኮንቬንሲዮን ቆላ ነው አሉ። የዚህ ተክል የመጀመሪያ አገር የእኔ አገር እንደሆነ ነገርኳቸው። ማማይ ጽዋዬን አንሥተው ተመለከቱ፤ ከዚያ አንድ ተጨማሪ ማንኪያ ጭማቂ ጨመሩልኝ፤ «እንግዲያው ወፍራም ነው የምትጠጣው» በሚል ዓይነት። ልክ ነበሩ።

ቀኑን ሙሉ ከተማዋን ዞርኩ። ከኢንካዎቹ ቤተ መቅደስ ጫፍ ስድስት ግዙፍ ሐምራዊ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከሸለቆው ትልቅ ወንዝ ማዶ፣ ከካቺቃታ ተራራ ተፈልጠው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ዳገት ወጥተው ነው የመጡት። ያልደረሱም አሉ። መንገድ ዳር፣ ማሳ መካከል ቀርተዋል። ሰዉ «የደከማቸው ድንጋዮች» ይላቸዋል። አንዱ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ በር ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ የታሰረ ቀይ ፌስታል አየሁ። የበቆሎ ጠላ፣ ቺቻ፣ ዛሬ ተጠምቆ ደርሷል ማለት ነው። ጣሳ በእንጨት ተሰክቶ ጠላ ቤት ለሚጠቁምበት አገር ልጅ አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ገባሁ።

[ድምፅ፦ የባቡር ፊሽካ፤ የብዙ ሰው ሩጫ፤ «ኩስኮ! ኩስኮ!»]

ተራኪ፦ ማታ ላይ ከማቹ ፒቹ የሚመለሱት ባቡሮች ይደርሳሉ። ወደዚያ የሚሄደው እንግዳ አብዛኛው ባቡሩን የሚሳፈረው ከዚህ ጣቢያ ነው። ጠዋት ይሮጣል፣ ማታ ይሮጣል፤ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀዋል። ሰው በማደሪያ ስም በተጠራች ከተማ እንዲህ ሳያድር ሲያልፍ ማየት ቅር ይለኛል። ሩብ ሰዓት ያህል አደባባዩ ገበያ ይመስላል። ከዚያ መብራቶቹ ወደ ኩስኮ ዳገት ይወጣሉ፤ ጸጥታ ይወርዳል፤ የሚሰማው ውሃው ብቻ ይሆናል።

ሦስቱን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኝቼ ነበር። የግቢው በር ተንኳኳ። አንዴ፤ ቆይቶ ደግሞ አንዴ፤ ያፈረ ሰው እንደሚያንኳኳው። የማማይ ነጠላ ጫማ በግቢው ድንጋይ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። መወርወሪያው ተሳበ። የሁለት ወጣቶች ድምፅ፣ ስፓኒሻቸው ከእኔ የባሰ፤ ሚኒባሱ አምልጧቸዋል። ማማይ ስንት እንደሆኑ ብቻ ጠየቁ።

ከዚያ የማገዶ መሰበር ሰማሁ፤ የባሕር ዛፍ ጭስም በበሩ ሥር ገባ።

[ድምፅ፦ ማንቆርቆሪያ ውሃ ሲሞላ፤ ቦዩ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል]