«አንቺንም ጀመረሽ?»
ከወሊድ በኋላ ስለሚያመልጥ ሽንት፣ ስለማናየው ጡንቻና ስለ ፊዚዮቴራፒ

የታናሽ ወንድሜ መልስ ዕለት ነበር። ነጭ የሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሁለተኛ ልጄን ለእህቴ አሳቅፌ፣ ከአክስቶቼ ጋር ክብ ሠርተን እንጨፍራለን። ከበሮው ሲፈጥን ከሙሽሪት ፊት ለፊት ገባሁና መዝለል ጀመርኩ። በሦስተኛው ዝላይ ሽንቴ አመለጠኝ። ጠብ ያለ ብቻ አልነበረም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩና ምንም እንዳልሆነ ሰው እየሳቅኩ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ተከትላኝ ገባች። ቀሚሴን አየች፤ በሩን ዘጋች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም «አንቺንም ጀመረሽ?» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ «ም» ናት። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ አራት ልጆች ወልዳለች። ቁልቢ ገብርኤል መሄድ ያቆመችው ጉልበቷን ስለሚያማት ይመስለን ነበር። ለካ አውቶቡሱ እሷ በፈለገችው ሰዓት ስለማይቆም ነው። ለቅሶ ቤት የምትሄድ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ውኃ አትቀምስም። ስታስነጥስ እግሯን ለምን እንደምታቆላልፍ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። የመጨረሻ ልጇን፣ ያን ዕለት የተሞሸረውን ወንድሜን፣ ከወለደች ወዲህ እንዲህ ሆና ነው የኖረችው። ወንድሜ ደግሞ 28 ዓመቱ ነው።

«ለሐኪም ነግረሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልጄ? የወለደች ሴት ሁሉ እኮ ነው። ቻይው።»

«የተለመደ ነው» ማለት «መድኃኒት የለውም» ማለት አይደለም

እውነቷን ነው፤ የተለመደ ነው። ከወለዱ ሴቶች ብዙዎቹ ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲስቁ ወይም ዕቃ ሲያነሱ ሽንት ያመልጣቸዋል። ነገር ግን በአገራችን «የተለመደ» ስንል «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ማለታችን ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጥርስ መቦርቦርም የተለመደ ነው፤ ሆኖም ማንም ሰው «ቻለው» ተብሎ ዕድሜ ልኩን ጥርሱን ይዞ አይቀመጥም።

እኔ ራሴ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ ለ14 ወር ያህል ነገሩን ደብቄ ኖሬያለሁ። በ45 ቀኑ ልጄን ለክትባት ስወስደው ተመዘነ፣ ተለካ፣ ተከተበ፤ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። በየቀኑ ሞዴስ አድርጌ ቢሮ መሄድ ጀመርኩ። ጥቁር ሱሪ አበዛሁ። ስብሰባ ሲኖር በሩ አጠገብ መቀመጥ ልማዴ ሆነ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው የሚያፍርበትን ነገር የሚደብቅለት ዕቃ ሁልጊዜ ገዢ እንደማያጣ ከሙያዬ አውቃለሁ። ሞዴስ ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አይፈውስም። የሚፈውሰው ነገር ደግሞ በማሸጊያ ተሸጦ የሚያተርፍ ስላልሆነ ማስታወቂያ የሚሠራለት የለም። ይህ ገጽ እንደ ማስታወቂያ ይቆጠርልኝ።

ጡንቻው የት ነው ያለው?

ከመልሱ ሁለት ሳምንት በኋላ በሴቶች ጤና ላይ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አገኘሁ። እሷን ለማግኘት ሦስት ቦታ ደውያለሁ። ፊዚዮቴራፒ ለተሰበረ እግርና ለወገብ ሕመም ብቻ ይመስለኝ ነበር። የፕላስቲክ የዳሌ አጥንት ሞዴል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አስረዳችኝ።

ዳሌያችን ከታች ክፍት ነው። ያንን ክፍት ቦታ እንደ ተዘረጋ አንሶላ ሆኖ የሚሸፍነው የጡንቻ ንጣፍ የዳሌ ወለል ይባላል። ከፊት ካለው የብልት አጥንት ተነሥቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት ይደርሳል። የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የዓይነ ምድር መውጫን ከታች ደግፎ ይይዛል። የሽንትና የዓይነ ምድር በር ሲያስፈልግ እንዲዘጋ፣ ሲያስፈልግ እንዲከፈት የሚያደርገውም እሱ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስሜት ላይም ድርሻ አለው።

በእርግዝና ወራት ይህ ንጣፍ የፅንሱን፣ የእንግዴ ልጁንና የሽርት ውኃውን ክብደት ይሸከማል። በምጥ ጊዜ ደግሞ የሕፃኑ ጭንቅላት እስኪያልፍ በእጅጉ ይለጠጣል፤ አንዳንዴም ይቀደዳል። በኦፕሬሽን የወለዱ እናቶችም ሙሉ በሙሉ አያመልጡም፤ የዘጠኝ ወሩ ሸክም በራሱ ጫና ነውና። ለረጅም ጊዜ የቆየ የሆድ ድርቀት፣ የማያቋርጥ ሳል፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና በማረጥ ጊዜ የሚመጣው የሆርሞን መቀነስም ያባብሱታል።

ወለሉ ሲላላ ሆዳችን ውስጥ ግፊት በተፈጠረ ቁጥር ሽንት ያመልጣል። ማህፀን ወይም ፊኛ ወደ ታች ሊወርድም ይችላል። ብዙ እናቶች «የሆነ ነገር ሊወድቅብኝ ነው የሚመስለኝ» የሚሉት ይህን ነው።

አንድ ጥያቄ፦ ይፈሳል ወይስ ያመልጣል?

ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሽንቱ መቼ እንደሚያመልጠኝ ነበር። ስታስዪ ነው? መጸዳጃ ቤት ሳትደርሺ ነው? ወይስ ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ይፈሳል? ሦስቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

በተለይ ረጅምና አስጨናቂ ምጥ ካሳለፉ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ፊስቱላ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። የፊስቱላ ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ አገራችን መጥተው፣ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ማቋቋማቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ብዙ የማይነገረው ግን እዚያም ቢሆን ፊዚዮቴራፒ የሕክምናው አካል መሆኑ ነው። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉና። ስለዚህ ይህ ሙያ የባዕድ ቅንጦት አይደለም፤ በጣም ለተጎዱት እህቶቻችን በራሳችን አገር ሲሠራበት የቆየ ነው።

የእኔ ሁለተኛ ልጅ ከወለዱ በኋላ የሚመጣው፣ በሳልና በዝላይ ጊዜ የሚያመልጠው ዓይነት ነበር። ባለሙያዋ ፈቃዴን ጠይቃ በጓንት መረመረችኝና «እስቲ አጥብቂው» አለችኝ። ካገኘሁት ቪዲዮ ሳንቲም ሳልከፍል የተማርኩትን በኩራት አሳየኋት።

«መቀመጫሽን ነው ያጠበቅሽው» አለችኝ እየሳቀች። «ውስጡን ደግሞ ወደ ታች እየገፋሽው ነው።»

ለሁለት ወር ያህል ችግሩን በገዛ እጄ ሳባብሰው ነበር ማለት ነው። ብዙ ሴቶች በቃል ብቻ ተነግሯቸው ሲሞክሩ እንደዚሁ ይሳሳታሉ። የባለሙያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

እንቅስቃሴው በሰፊው የታወቀው አርኖልድ ኬግል በተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ነው። በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ጉዳዩ ስለ ጻፈ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው፦

• ሽንትዎን ሸንተው ይጨርሱ። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ይጠፉ።

• ሰው በተሰበሰበበት ፈስ እንዳያመልጥዎ እንደሚይዙት፣ እንዲሁም ሽንት እንደሚይዙት ሁለቱንም በሮች በአንድ ጊዜ ይዝጉ። ስሜቱ ወደ ውስጥና ወደ ላይ የመሳብ እንጂ ወደ ታች የመግፋት መሆን የለበትም።

• መቀመጫዎ፣ ጭንዎና ሆድዎ ዘና ይበሉ። ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ድምፅ አውጥተው መቁጠር ይረዳል።

• ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ይያዙና ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። መልቀቁ ከመያዙ እኩል አስፈላጊ ነው። እየጠነከሩ ሲሄዱ እስከ 10 ሰከንድ ያድርሱት።

• ይህን ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ ይሥሩ። ከዚያም ፈጣን የሆኑ ጥቂት ጭመቅና ልቀቅ ይጨምሩ።

• ለውጡን ለመመዘን ቢያንስ ሦስት ወር ይታገሱ።

ሽንት እየሸኑ መሐል ላይ ማቋረጥን ልምምድ አያድርጉት፤ ፊኛው በትክክል ባዶ እንዳይሆን ሊያደርግ ይችላል። አንድ ሌላ ብልሃትም አለ። ከማሳልዎ፣ ከማስነጠስዎ ወይም ልጅ ከማንሳትዎ በፊት ጡንቻውን ቀድመው ያጥብቁ። እኔ በመጀመሪያው ወር ልዩነት ያየሁት በዚህ ነው።

ውኃ መቀነስ መፍትሔ አይደለም። የተጠራቀመ ወፍራም ሽንት ፊኛን ያስቆጣል፤ ድርቀትም ያመጣል። ቡና ግን አንዳንዱን ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚያጣድፍ ሽንት የሚያጣድፍዎ ከሆነ ሦስተኛውን ስኒ ማለፍ ይቻላል። ቤት የመጣ እንግዳ እስኪቀየም ግን አይደርስም።

ሁሉም ሰው ማጥበቅ አያስፈልገውም

አንዳንድ ሴቶች ዘንድ ችግሩ የጡንቻው መላላት ሳይሆን ከልክ በላይ መወጠር ነው። በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ሽንት ለመጀመር መቸገር፣ ከታች የማይለቅ የመጨምደድ ስሜት ካለ ያለ ምርመራ ማጥበቅ ሊያባብሰው ይችላል። እነዚህ ሴቶች የሚማሩት ጡንቻውን መልቀቅ ነው። ከባሏ የምትሸሸው ፍቅር ስለቀነሰባት ሳይሆን ስለሚያማት ሊሆን እንደሚችል ባሎችም ቢያውቁት ጥሩ ነው።

የዳሌ ወለል ለወንዶችም አላቸው። በተለይ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት ለሚያመልጣቸው አባቶች ይኸው ልምምድ ይሰጣል።

ሽንት ውስጥ ደም ከታየ፣ ሲሸኑ ካቃጠለ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ከብልት የወጣ እብጠት ከተዳሰሰ ሐኪም ማየት ይቅደም። የወገብ ሕመም ከጭን መሐል መደንዘዝ ወይም ሽንት እምቢ ከማለት ጋር ከመጣ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አራስዋንም እንጠይቃት

ፈረንሳይ ውስጥ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን የዳሌ ወለል ስልጠና የጤና መድኅን ይሸፍናል። እኛ እዚያ እስክንደርስ የምናደርገው አለ። ለአራስ ገንፎ እናገነፋለን፣ አጥሚት እናፈላለን፣ ወገቧን በመቀነት እናስራለን። በዚያ ሁሉ እንክብካቤ መሐል «ሽንትሽንስ ትይዢዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

እኔ ስድስት ጊዜ ብቻ ነው ባለሙያዋ ጋር የተመላለስኩት፤ ሌላውን ቤቴ ነው የሠራሁት። ጥርሴን ስፋቅ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ልጄን ሳጠባ። በአራተኛው ወር ሞዴሱን ተውኩት። አሁንም ጉንፋን ሲይዘኝ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል፤ ፍጹም አልሆንኩም። ስብሰባ ላይ ግን የምቀመጠው በሩ አጠገብ አይደለም።

እናቴን ለማሳመን ወራት ፈጅቶብኛል። «በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሆን?» ትል ነበር። የማህፀን ሐኪም ስታያት ማህፀኗ በመጠኑ ወርዶ አገኘቻት፤ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ በልምምዱ እንድትጀምር ነገረቻት። ጡንቻ በ61 ዓመትም ይጠነክራል። የእሷ ለውጥ ከእኔ ይልቅ ቀስ ያለ ነው። ውኃ መጠጣት ግን ጀምራለች።

ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ነበር። የዚያን ዕለቷ ሙሽራ አሁን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እናቴ ስኒውን አቀበለቻትና፣ እኔና አክስቶቼ ሁሉ እየሰማን፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ ጠየቀቻት፦

«የኔ ልጅ፣ ያንን እንቅስቃሴ ጀመርሽ?»