በከተማ ቅጠላ ቅጠልን ከቍራጭ በውሃ ስለ ማብቀል

በከተማ የሚኖር ሰው አትክልት ለመትከል ቢያስብ አስቀድሞ የሚያጣው መሬት ነው። መሬቱን ቢያገኝም አፈሩ ብዙ ጊዜ የፍርስራሽና የጥራጊ መጣያ ሆኖ የኖረ ነው፤ ውሃውም ንጹሕ አይደለም። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ዳር እየጠጣ የሚበቅለው ጎመንና ሰላጣ ብዙ ሕዝብ ይመግባል፤ ነገር ግን ሊቃውንት በመረመሩት ጊዜ ጤናን የሚጎዳ ብረታ ብረት በቅጠሉ ውስጥ አግኝተዋል። ስለዚህ ሃይድሮፖኒክስ የሚባለውን፥ ያለ አፈር በውሃ አትክልት የማብቀልን ሥራ፥ የከተማ አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹሞች ቢያውቁት ይጠቅማል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የውሃ ሥራ ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ ቢመስልም ጅማሬው የቆየ ነው። ጆን ዉድዋርድ የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ የናና ቍራጭ በየብልቃጡ ውሃ ውስጥ አኑሮ እየመዘነ መረመረ። ተንኖ በተጣራ ውሃ የኖረው ናና ጥቂት ብቻ አደገ፤ የአትክልት አፈር በተበጠበጠበት ውሃ የኖረው ግን እጅግ በለጠ። ይህንንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1699 ዓ.ም. ጽፎ አሳተመው። ከዚያም በ1860 ዓ.ም. ግድም ዩልዩስ ዛክስና ቪልሄልም ክኖፕ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት ለተክል ምግብ የሚሆኑትን ጨዎች በውሃ አሟሙተው ያለ አፈር አበቀሉ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የካሊፎርኒያው ዊልያም ጌሪክ ይህ ሥራ ለገበያ የሚሆን እህልና አትክልት ለማብቀል እንደሚያገለግል ጻፈ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፥ ውሃ ለተክል ማደሪያ እንጂ ብቻውን ምግብ አለመሆኑን ነው። የተቈረጠ ግንድ በንጹሕ ውሃ ሥር ቢያወጣ ከራሱ ስንቅ ነው፤ ስንቁ ያለቀ ጊዜ ቅጠሉ ይገረጣል፥ ዕድገቱም ይቆማል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ልምላሜ ደስ ተሰኝቶ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ድካሙም ከንቱ የሚቀረው ስለዚህ ነው።

ከቍራጭ ለማብቀል የሚመቹት ናና፥ በሶብላና የስኳር ድንች ሐረግ ናቸው፤ የስኳር ድንች ቅጠል በብዙ አገር ተቀቅሎ ይበላል። ሰላጣና ቆስጣ ግን ከዘር ቢጀመሩ ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጤናማ ተክል አንድ ስንዝር ያህል ለጋ ጫፍ ከአንጓው በታች በስለታም ቢላዋ ይቈረጣል፤ የታችኛው ቅጠል ተነሥቶ ሁለት አንጓ ያህል በንጹሕ ውሃ ይነከራል። ብርቱ ፀሐይ በማይመታው ብሩህ ስፍራ ይቀመጣል፤ ውሃውም በየሁለትና በየሦስት ቀን ይለወጣል። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ብርሃን ወደማያሳልፍ ገንዳ ይዛወራል፤ በክዳኑ ቀዳዳ ተደግፎ የሥሩ ጫፍ ምግብ ባለበት ውሃ፥ የላይኛው ሥር ግን በአየር ውስጥ ይሆናል። ሥር አየር ካላገኘ ይበሰብሳልና።

ምግቡ ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስ፥ ፖታሲየም፥ ካልሲየም፥ ማግኒዚየም፥ ድኝ፥ ብረትና በጥቂቱ የሚያስፈልጉ ሌሎች ማዕድናት ያሉበት የተሟላ ድብልቅ መሆን አለበት። ለእርሻ የሚታደለው ዩሪያ ብቻውን ይህን አይተካም። ካልሲየም ያለበት ብጥብጥ ውሃ ሳይበዛበት ፎስፌትና ሰልፌት ካለበት ጋር አይቀላቀልም፤ ከተቀላቀለ ይረጋና ለተክሉ አይደርሰውም። የውሃው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን መልካም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሹሞች ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ዕቃ ውስጥ ትራባለች። በአገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርስዋ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተረጋግጧል። ክዳን የሌለው የአትክልት ገንዳ ሕዝቡን እመግባለሁ ሲል ወባ ያራባበታል። ስለዚህ ገንዳው ሁሉ በሚገባ ይከደን፤ ክፍተቱም በወንፊት ይሸፈን፤ በየሳምንቱም ይመርመር።

እንግዲህ በቀበሌው የጋራ አትክልት ስፍራ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሹም፥ ቧንቧና መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ያሰናዳ። ንጹሕነቱ የተመረመረ ውሃ፥ ዓመቱን ሙሉ የምግቡን ጨው የሚገዛ ገንዘብ፥ ገንዳውን በየቀኑ የሚያይ ስሙ የታወቀ ኀላፊ። ከዚያም በጥቂት ባልዲ ናና ይጀምር፤ ያ ሲሳካለት ወደ ገንዳው ይለፍ። ዕቃ ማደል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቅጠሉ በድኻው ገበታ ላይ የሚደርሰው ግን በየዕለቱ ጠባቂ ሲኖረው ነው።