የጠፋው ውኃ የት ገባ?

የከተማ ውኃ አነሰ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን አዲስ ግድብ ወይም አዲስ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። ውኃው እኮ ብዙውን ጊዜ ከግድቡ ወጥቷል፤ ተጣርቷል፤ ክሎሪን ገብቶበታል፤ በፓምፕም ተገፍቷል። ይህ ሁሉ ወጪ ከወጣበት በኋላ ነው መንገድ ላይ የሚቀረው። ፈረቃ እየጠበቅን ጀሪካን የምንደረድር ሰዎች ነገሩን ጠንቅቀን ብናውቀው ይጠቅመናል በማለት በዚህ እትም አንሥተነዋል።

ለምሳሌ የካምቦዲያን ዋና ከተማ ፕኖም ፔንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1975 ክመር ሩዦች ሕዝቡን ከከተማዋ ጠራርገው ስላስወጡ የውኃ አገልግሎቱም አብሮ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከተመረተው ውኃ 72 በመቶው ሒሳብ የማይከፈልበት ነበር። ይኸውም ከ100 ጀሪካን ገንዘብ የተገኘው ከ28ቱ ብቻ ነው ማለት ነው! ከፊሉ በተሰነጠቀ ቧንቧ ይፈሳል፤ ከፊሉ በስውር ተቀጥሎ ይሰረቃል። ያም ሆኖ ውኃው በቀን 10 ሰዓት ያህል ብቻ ነበር የሚመጣው።

በዚያው ዓመት ኤክ ሶን ቻን የተባሉ መሐንዲስ ኃላፊነቱን ተረከቡ። ያረጀው ቧንቧ ተለወጠ፤ ለደንበኛው ሁሉ ቆጣሪ ገባ፤ የደንበኞች መዝገብ ቤት ለቤት እየተዞረ ተጣራ። አንከፍልም ያሉ ባለሥልጣናትም አልቀሩም። አንድ ጄኔራል ሽጉጥ እንደደገነባቸው ኃላፊው ራሳቸው ተናግረዋል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ወርዶ ውኃው 24 ሰዓት ይገኝ ነበር። በእኛ አስተያየት የጄኔራሉ ጉዳይ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ ቆጣሪ የሚሠራው ሁሉም ሲከፍል ነውና።

አሁን ወደ ቴክኒኩ እንለፍ። ከተማው በክልል ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ ቆጣሪ ይተከላል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አብዛኛው ሰው ተኝቷል። በዚያ ሰዓት ቆጣሪው በኃይል የሚዞር ከሆነ ውኃው የሚሄደው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ መሬት ነው። ዛሬ ቆጣሪው ራሱ በሬዲዮ ወይም በስልክ መስመር ቁጥሩን ወደ ቢሮ ይልካል።

ቀጥሎ የፈሰሰበትን ቦታ መፈለግ ነው። ድሮ ሠራተኛው የብረት ዘንግ አስደግፎ በጆሮው ያዳምጥ ነበር፤ ይኼ ዘዴ ዛሬም አልተጣለም። ኮሬሌተር የሚባለው መሣሪያ ግን ሁለት ማዳመጫዎች አሉት፤ እነርሱም በቧንቧው ላይ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ድምፁ ቀድሞ የሚደርሰው ቀዳዳው ወደሚቀርበው ነው። ለፊዚክስ ክፍል ይሆናል ብለን አንድ ጥያቄ አዘጋጅተናል፦ በማዳመጫዎቹ መካከል 100 ሜትር አለ፤ ድምፁ በብረት ቧንቧው ውስጥ በሰከንድ 1,200 ሜትር ይሄዳል፤ የጊዜ ልዩነቱ 0.025 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ በርቀት ሲለካ 30 ሜትር ይሆናል። ከ100 ላይ 30 ቀንሰን ለ2 ስናካፍል 35 እናገኛለን፤ እንግዲህ የሚቆፈረው ድምፁ ቀድሞ ከደረሰው ማዳመጫ በ35 ሜትር ርቀት ላይ ነው። መንገዱን በሙሉ መገልበጥ ቀረ ማለት ነው። በፕላስቲክ ቧንቧ ግን ድምፁ ዝግ ብሎ ስለሚሄድና ቶሎ ስለሚጠፋ ማዳመጫዎቹን ማቀራረብ ያስፈልጋል።

ፈረቃን በተመለከተ አንድ ነገር እናክል። ቧንቧው ሙሉ ሲሆን ግፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ በቀዳዳው ቆሻሻ አይገባም። ውኃው ሲቋረጥና ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግን በዚያው ቀዳዳ የጭቃና የፍሳሽ ውኃ ሊሳብ ይችላል። ከፈረቃ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣውን የደፈረሰ ውኃ ለመጠጥ የማይቀዱ እናቶች ምክንያት አላቸው።

አንድ ስሌት ደግሞ ለሒሳብ ክፍል፦ በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ነው ብንል፣ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ደግሞ ባለ20 ሊትር ጀሪካን 79 ያህል ያፈሳል። በግቢያችን ስንት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዳለ ቆጥሮ ማባዛቱን ለአንባቢያን ትተናል።