ጩኸት የሚያሰማው የመኪና ማሞቂያ

በሐምሌ ዝናብ ከሰንጋ ተራ ወደ ልደታ የሚሄድ አሮጌ ላዳ ወይም ኮሮላ ማሞቂያው ካልነፋ ፓራብሬዛው በጉም ይሸፈናል። ስለዚህ የማሞቂያው ፋን ሲጮኽ አጥፍቶ መንዳት መፍትሔ አይሆንም።

ድምፁ ራሱ ብዙ ይናገራል። ክንፉ ውስጥ ቅጠል ከገባ ይንኮሻኮሻል፤ ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ ቅባቱ ደርቆ ከተበላ ደግሞ፣ በተለይ በማለዳ ብርድ፣ ሲጢጥ ይላል።

በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የፋኑ ሞተር ከሾፌሩ ጎን ባለው ተሳፋሪ ፊት፣ ከክሩስኮቱ ሥር በጥቂት ብሎኖች ታስሮ ይገኛል። ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት መኪናውን ማጥፋትና የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መፍታት የግድ ነው። ክንፉ በብሩሽ ይጠረጋል፤ በጣት ሲገፋ ሳይነካካ መዞር አለበት። ለቡሹ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ይበቃዋል፤ ከበዛ ኮረንቲ ወደሚያስተላልፈው የሞተሩ ካርቦን ይፈስሳል። በቤንዚን ማጠብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከካርቦኑ የሚወጣው ብልጭታ ተኑን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ዘንጉ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ዘይት ለጊዜው ብቻ ያስታግሰዋል፤ ሞተሩን መቀየር ይሻላል።

እየከበደው የሚዞር ሞተር ብዙ ኮረንቲ ስለሚስብ ፊውዝ ያቃጥላል። በፊውዙ ቦታ ሽቦ መጠምዘዝ መስመሩን አግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ መግጠም የሚገባው በዚያው አምፔር የተሠራ ሌላ ፊውዝ ነው።