«ጎኢድ» ብል ምን አለበት?

ባለፈው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ዌንት» ማለት ሲገባኝ «ጎኢድ» ብዬ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን አላወጣሁም። መምህራችንን ስጠይቃቸው ግን እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያጠኑ ምሁራን እንዳሉ ነገሩኝ።

አውሮፓ ውስጥ ያለው ማኅበራቸው ዩሮስላ ይባላል። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አባላቱ ሰው ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ሌላ ቋንቋ እንዴት እንደሚለምድ ያጠናሉ። በየዓመቱም ተሰብስበው ጥናታቸውን ያቀርባሉ።

ድሮ ስህተት እንደ መጥፎ ልማድ ይታይ ነበር። ፒት ኮርደር የተባሉ እንግሊዛዊ ምሁር ግን እ.ኤ.አ. በ1967 የተማሪ ስህተት ትምህርቱ የት እንደደረሰ ያሳያል ብለው ጻፉ። እኔም ላለፈ ጊዜ «ኢድ» እንደሚጨመር ገብቶኛል ማለት ነው። ያላወቅኩት «ጎ» ከሕጉ ውጪ መሆኑን ነው። የእንግሊዞች ልጆች ራሳቸው ትንሽ ሆነው «ጎኢድ» ይላሉ!

አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና አማርኛ ገና የሚለምድ ልጅ «እናቴ መጣ» ሲል እኔም ስቄበታለሁ። ለካ እሱም እየተማረ ነበር! አሁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ስለዚህ በተሳሳተ ሰው አንሳቅ፤ እጃችንን እናውጣ። እኔ ነገ አወጣለሁ። ቸር ይግጠመን!