ለሣር አጨዳ አሮጌ ማጭድን ማዘጋጀት

በጎንደር ደጋዎች ክረምቱ ሲያባራ ሣሩ ያብባል። ለድርቆሽ የሚሻለው ይኸው ጊዜ ነው። ነገር ግን አጨዳው ብዙ ጊዜ እስከ ኅዳር ይቆያል፤ ያን ጊዜ ሣሩ ፍሬውን አርግፎ፣ አገዳው ደርቆ፣ ምግብነቱ ቀንሶ ይገኛል። በግንቦት ቀንበር የሚጠብቀው በሬ የሚበላው ይህንኑ ነው።

ለመዘግየቱ የሰው እጅ ማነስ ይወቀሳል። እኛ ግን ማጭዱንም እንወቅሳለን። የዶለዶመ ማጭድ ሣሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትታል፣ ከነሥሩ ይነቅላል፣ አፈር ከድርቆሹ ይቀላቅላል፤ የአጫጁንም ክንድ ቶሎ ያዝላል።

ስለዚህ ማጭዱ በነሐሴ ከተሰቀለበት ይውረድ። እጀታው ከተሰነጠቀ ይለወጥ፤ ዝገቱ ተፈግፍጎ በዘይት ይታሽ። ጥርስ የሌለው ማጭድ በረጠበ ድንጋይ ይሳላል። ጥርስ ያለው ግን በቀጭን ሞረድ፣ ጥርስ በጥርስ፣ ጥርሱ በተቀረጸበት ጎን ብቻ ይሞረዳል፤ ልሙጡን ጎን መሞረድ ስለቱን ያበላሻል።

ከተማ ወጥቶ በኤሌክትሪክ በሚዞር ድንጋይ ለሚያስል ሰው አንድ ነገር እናሳስባለን። ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ከመሰለ ጥንካሬው ለቋል፤ ከዚያ በኋላ ቢሳልም ስለቱ አይበረክትም። በየመሐሉ ውኃ ውስጥ ይነከር። ማጭዱን እሳት ውስጥ መክተትማ የባሰ ነው።

ሲታጨድ ከመሬት አራት ጣት ያህል ይተው፤ ሣሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። በመስከረም መጨረሻ ዝናብ ሊመለስ ስለሚችል፣ ቤተሰቡ ገልብጦ አድርቆ ሊሰበስበው ከሚችለው በላይ በአንድ ጊዜ አይታጨድ። አንድ እፍኝ ሣር ሲጠመዘዝ እርጥበት ካሳየ ገና ነው፤ እርጥብ ክምር ይግላል፣ ይሻግታል።